አንገት ላይ የተያዘው ኒውክለስ፦ እርሾ ሲከፈል ክሮሞሶሞቹን እንዴት ያካፍላል?

ጥያቄው፦ «የሁለተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። ላብራቶሪ ውስጥ የዳቦ እርሾ ሕዋሶችን ዲኤንኤ በሚያበራ ቀለም ቀብተን በማይክሮስኮፕ አየን። አንዱ ሕዋስ ላይ ኒውክለሱ ሳይፈርስ፣ እንደ ላስቲክ ተስቦ፣ ግማሹ እናትየው ውስጥ ግማሹ እምቡጧ ውስጥ ሆኖ አየሁት። መጽሐፋችን ግን መጀመሪያ የኒውክለሱ ሽፋን ይፈርሳል፣ ከዚያ ክሮሞሶሞቹ መሃል ላይ ይሰለፋሉ ነው የሚለው። ጓደኛዬ ‹የሞተ ሕዋስ አይተሽ ነው› አለችኝ። ተሳስቼ ነው? ደግሞስ እርሾው ከእያንዳንዱ ክሮሞሶም አንድ አንድ ቅጂ ለእምቡጧ መድረሱን በምን ያውቃል? ቢሳሳትስ?»

ምላሽ፦

ጤና ይስጥልኝ እህቴ። አልተሳሳትሽም። ያየሽው በመከፈል ላይ የነበረ ጤነኛ ሕዋስ ነው፤ እንዲያውም ከሥራው ሁሉ አጭሯ ሰዓት ላይ ነው የደረስሽበት። ጓደኛሽ ካላመነች፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሕዋሶቹን ከመቀባታችሁ በፊት ከዚያው ብልቃጥ ጥቂት ቅዱና ሜቲሊን ብሉ ጨምሩበት። የሞተ እርሾ ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል፤ በሕይወት ያለው ቀለሙን ያጠፋዋል። መጽሐፋችሁም አልዋሸም። የሚያወራው ስለ እንስሳት ሕዋስ ነው፤ ጥፋቱ ይህን ሳይናገር በደፈናው «ሕዋስ» እያለ ማለፉ ነው። በዚህ የተነሳ ብዙ ተማሪ በዓይኑ ያየውን ትቶ የተጻፈውን ያምናል።

መልሱን ከመጨረሻው፣ ከመቆረጡ ልጀምር፤ ምክንያቱም የእርሾ ነገር ግራ የሚያጋባው እዚያ ላይ ነው። በእንስሳት ሕዋስ መጀመሪያ ክሮሞሶሞቹ የሚለያዩበት መሣሪያ ይቆማል፤ ሕዋሱ የት ላይ እንደሚቆረጥ የሚወሰነው መሣሪያው በቆመበት አቅጣጫ ነው። የዳቦ እርሾ ግን የሚቆረጥበትን ቦታ የሚመርጠው ገና ዲኤንኤውን ለመቅዳት ሲሰናዳ ነው። ሴፕቲን የሚባሉ ፕሮቲኖች ከሕዋሱ ገጽ ሥር ቀለበት ይሠራሉ። እምቡጧ፣ ማለትም ከእናትየው ጎን የምትወጣው ልጅ ሕዋስ፣ በዚያ ቀለበት መሃል ወጥታ ታድጋለች፤ ቀለበቱ ያለበት ቦታ አንገት ሆኖ ይቀራል። የአንገቱ ስፋት አንድ ማይክሮሜትር ያህል ቢሆን ነው። ከዚያ ወዲያ ቦታው አይቀየርም፤ ሕዋሱ የሚቆረጠው እዚያው ነው። ስለዚህ ቆራጩ ወደ ክሮሞሶሞቹ አይሄድም፤ ክሮሞሶሞቹ ናቸው ወደሚቆረጥበት ቦታ መምጣት ያለባቸው። አንቺ ያየሽው የተሳበ ኒውክለስ ይህንን ግዴታ ሲወጣ ነበር።

ክሮሞሶሞችን የሚለያየው መሣሪያ ስፒንድል ይባላል፤ ቃሉ እንዝርት ማለት ስለሆነ እኔም እንዝርት እያልኩ እቀጥላለሁ። (የእርሾው እንኳን ከእንዝርት ይልቅ ቀጭን ዘንግ ነው የሚመስለው።) እንዝርቱ የሚሠራው ማይክሮቱቡል ከሚባሉ ክሮች ሲሆን፣ ክሮቹ የሚበቅሉት ከሁለት ዋልታዎች ነው። በእንስሳት ሕዋስ ዋልታዎቹ ከኒውክለሱ ውጭ ስለሆኑ ክሮቹ ክሮሞሶሞቹ ጋ እንዲደርሱ አጥሩ፣ ማለትም የኒውክለሱ ሽፋን፣ መፍረስ አለበት። የእርሾ ዋልታዎች ግን ኒውክለሱ ሽፋን ላይ፣ ግድግዳ ላይ እንደተሰካ ማጠፊያ፣ ተሰክተው ነው የሚኖሩት። አንድ ገጻቸው ወደ ውስጥ፣ አንዱ ወደ ውጭ ነው። ከውስጠኛው ገጽ የሚበቅሉት ክሮች ክሮሞሶሞቹን ይይዛሉ፤ ከውጪኛው የሚበቅሉት ኒውክለሱን በጠቅላላ ይጎትታሉ። ሁሉም ሥራ ሽፋኑ ሳይነካ ስለሚያልቅ መፍረስ አያስፈልገውም። ይህ ዓይነቱ አከፋፈል ዝግ ማይቶሲስ ይባላል (ማይቶሲስ የተቀዱትን ክሮሞሶሞች ለሁለት የማካፈሉ ሥራ ነው)።

በመጽሐፉ ላይ ያሉትን የኤክስ ቅርጽ ያላቸውን ክሮሞሶሞች ፈልገሽ ካጣሻቸው ደግሞ አትድከሚ። የዳቦ እርሾ በአንድ ስብስብ 16 ክሮሞሶሞች አሉት፤ ሁሉም ተደምረው 12 ሚሊዮን ያህል ጥንድ የዲኤንኤ ፊደላት ናቸው። ከሰው ክሮሞሶሞች ትንሹ ብቻውን የዚህን አራት እጥፍ ያህል ነው። ይህን ያህል ትንሽ ነገር በብርሃን ማይክሮስኮፕ አንድ በአንድ አይለይም፤ የሚታየው አንድ ነጠብጣብ ብርሃን ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ለረጅም ጊዜ የእርሾን ክሮሞሶም ጉዞ በቀጥታ ያየ ሰው አልነበረም። መላው የተገኘው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)፦ አንድ ክሮሞሶም ላይ ከባክቴሪያ የተወሰደ ተደጋጋሚ የዲኤንኤ ቅደም ተከተል ይሰካል፤ እሱን ፈልጎ የሚለጠፍ አረንጓዴ የሚያበራ ፕሮቲን ደግሞ ሕዋሱ ውስጥ እንዲሠራ ይደረጋል። ከዚያ በኋላ ያ አንድ ክሮሞሶም እንደ አረንጓዴ ነጥብ ብቻውን ይታያል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ። እያንዳንዱ ክሮሞሶም ከተቀዳ በኋላ ሁለቱ ቅጂዎች፣ መንትዮቹ፣ ኮሂሲን በሚባል የቀለበት ቅርጽ ባለው የፕሮቲን ስብስብ ተያይዘው ይቆያሉ። በእያንዳንዱ መንትያ ላይ ሴንትሮሜር የሚባል ቦታ አለ፤ እሱ ላይ ኪኔቶኮር የሚባል መያዣ ይገነባል፤ ከዋልታው የመጣው ክር የሚታሰረው ከዚህ መያዣ ጋር ነው። የእርሾ ሴንትሮሜር 125 ፊደል ያህል ብቻ ነው። በ1980 ሉዊዝ ክላርክ እና ጆን ካርቦን ከክሮሞሶም 3 ላይ ለይተው ሲያወጡት፣ ከማንኛውም ፍጥረት የተገኘ የመጀመሪያው ሴንትሮሜር ነበር። የሰው ሴንትሮሜር በመቶ ሺዎችና በሚሊዮኖች የሚቆጠር ፊደል ሲፈጅ፣ አንድ የሰው ኪኔቶኮርም ብዙ ክሮችን በአንድ ጊዜ ሲይዝ፣ የእርሾው የሚይዘው አንድ ክር ብቻ ነው። ለእኔ እርሾን የሚያስወድደኝ ይህ ነው። አንድ መያዣ፣ አንድ ክር፦ ወይ ተያይዟል ወይ አልተያያዘም፣ መሃል ቤት የለም።

ትክክለኛው አያያዝ አንዱ መንትያ ከአንደኛው ዋልታ፣ ሌላው ከተቃራኒው ሲታሰር ነው። ችግሩ፣ እርሾ ክሮሞሶሞቹን ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ከዋልታ ጋር አስሮ ነው የሚኖረው። ዲኤንኤው ሲቀዳ ለአጭር ጊዜ ይለቃቸውና መልሶ ይይዛቸዋል፤ ያን ጊዜ በቅርብ ያለው አሮጌው ዋልታ ስለሆነ ሁለቱም መንትዮች ከእሱ ጋር መታሰራቸው የተለመደ ነው። ማለትም ሥራው የሚጀምረው ከስህተት ነው። ይህ እንዴት ይታረማል? ሕዋሱ «ይህኛው ክር ከየት ነው የመጣው?» ብሎ የሚጠይቅበት ዓይን የለውም። የሚለካው ውጥረትን ነው። ሁለቱም መንትዮች ወደ አንድ ዋልታ ከተሳቡ የሚቃወማቸው ስለሌለ ክሩ ይላላል። በተቃራኒ አቅጣጫ ከተሳቡ ግን ኮሂሲኑ መሃል ላይ ስለያዛቸው እንደ ገመድ ጉተታ ይወጠራሉ። አይፒኤል1 የሚባል ኢንዛይም አለ (በእኛ ሕዋስ ውስጥ ያለው ዘመዱ አውሮራ ቢ ይባላል)፤ ያልተወጠረውን አያያዝ እየፈታ ክሮሞሶሙ እንደገና ዕድሉን እንዲሞክር ያደርገዋል። በአጋጣሚ ትክክል ሲታሰር ይወጠራል፣ የተወጠረውን ደግሞ ኢንዛይሙ አይፈታውም። ትክክለኛውን መርጦ የሚያስር የለም፤ ስህተቱ ስለማይበረክት ብቻ ትክክለኛው ይቀራል።

ውጥረት ራሱ አያያዝን እንደሚያጸና መጀመሪያ የታየው እርሾ ላይ አልነበረም። ብሩስ ኒክላስ በ1969 ከሥራ ባልደረባው ጋር ባሳተመው ሥራ፣ በአንበጣ ሕዋስ ውስጥ በስህተት የታሰረ ክሮሞሶምን በቀጭን የመስታወት መርፌ ወጠር አድርጎ ሲይዘው አያያዙ ጸና። በ2010 ደግሞ ከእርሾ ተነጥለው የወጡ ኪኔቶኮሮች በመስታወት ላይ ከማይክሮቱቡል ጋር ታስረው ሲሳቡ፣ ከላላው ይልቅ በመጠኑ የተሳበው አያያዝ ረዘም ላለ ጊዜ እንደሚቆይ ታየ። ሲስቡት የሚጠብቅ ቋጠሮ እንደማለት ነው።

ይህን በቅርብ ለማየት ሴንትሮሜሩ አጠገብ አረንጓዴ ነጥብ ያለበትን ሕዋስ አስቢ። መጀመሪያ አንድ ነጥብ ናት። እንዝርቱ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ማይክሮሜትር ሲደርስ ነጥቧ ለሁለት ትከፈላለች፤ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ተመልሳ አንድ ትሆናለች፤ ደግሞ ትከፈላለች። እኛ «ትተነፍሳለች» እንላለን። መጀመሪያ ሳየው ክሮሞሶሞቹ የተለያዩ መስሎኝ ማስታወሻዬ ላይ «አናፌዝ (የመለያየቱ ደረጃ) ጀመረ» ብዬ ጻፍኩ፤ ከዚያ ነጥቦቹ ሲገጥሙ ሰረዝኩት፤ እንደገና ጻፍኩ፣ እንደገና ሰረዝኩ። ለካስ መንትዮቹ በሴንትሮሜራቸው በኩል በውጥረት እየተላቀቁ፣ በክንዶቻቸው በኩል ግን በኮሂሲን እንደተያያዙ ናቸው።

አሁን ጥያቄው መቼ ነው ኮሂሲኑ የሚቆረጠው? 16ቱም ጥንዶች ከመታሰራቸው በፊት ከተቆረጠ አንዱ ልጅ ጎዶሎ ይሆናል። እዚህ ላይ ነው ኬላ ያለው። ያልታሰረ ኪኔቶኮር ማድ2 የሚባል ፕሮቲን እያነቃ ይለቃል፤ የነቃው ማድ2 ሲዲሲ20 የሚባለውን አጋዥ ይይዘዋል። ሲዲሲ20 ካልተለቀቀ ሴኩሪን የሚባለው ዘብ አይወገድም፤ ሴኩሪን ካልተወገደ ሴፓሬዝ የሚባለው መቀስ አይፈታም። ከ16ቱ አንዱ እንኳ ያልታሰረ ቢቀር መንገዱ ዝግ ነው። የመጨረሻው ሲታሰር ሴኩሪን ይፈራርሳል፣ ሴፓሬዝ ይፈታል፣ ኮሂሲን ይቆረጣል። የኬላው ጂኖች በ1991 በሁለት ቤተ ሙከራዎች በአንድ ጊዜ ነው የታወቁት፤ ሁለቱም ማይክሮቱቡልን የሚያፈርስ መድኃኒት ሲሰጣቸው መቆም ሲገባቸው ዝም ብለው የሚቀጥሉ ሚውታንቶችን፣ ማለትም ጂናቸው የተለወጠ እርሾዎችን፣ ፈልገው ነው ያገኟቸው። አንዱ ቡድን ያገኛቸውን «በብ» ያላቸው እምቡጣቸው መድኃኒቱ ሳይገታት መውጣቷን ስለቀጠለች ነው። አንድ የሚገርም ነገር ልጨምር፦ ማድ2 የሌለው እርሾ በሰላሙ ጊዜ ይኖራል፤ ክሮሞሶም የሚያጎድልበት ጊዜ ይበዛል እንጂ አይሞትም። ማድ2 የሌለው የአይጥ ፅንስ ግን አይተርፍም። የእርሾ አያያዝ ፈጣን ስለሆነ ኬላው የሚያስፈልገው ነገር ሲበላሽ ነው።

ኮሂሲን መቆረጡ ብቻ ነው ወይስ ሌላም ነገር ያስፈልጋል የሚለው ለዓመታት አከራካሪ ነበር። በ2000 በቪየና የነበረው የኪም ናስሚዝ ቡድን የሠራው ሙከራ እኔ እስከ ዛሬ ለተማሪ ሳስረዳ የምወደው ነው። ኮሂሲን ላይ ያለውን የመቆረጫ ቦታ አወጡና በምትኩ የአንድ የዕፅዋት ቫይረስ ኢንዛይም ብቻ የሚያውቀውን የመቆረጫ ቦታ ተኩ። ሕዋሶቹን ልክ ክሮሞሶሞቹ ታስረው በሚጠብቁበት ደረጃ ላይ አቆሟቸው። ከዚያ የቫይረሱ ኢንዛይም ሕዋሱ ውስጥ እንዲሠራ አደረጉ። ሕዋሱ ራሱ ፈቃድ አልሰጠም፤ የራሱ መቀስ እንደታሰረ ነው። መንትዮቹ ግን ተለያይተው ወደየዋልታቸው ሄዱ። ክሮቹ መሳብ የጀመሩት ያን ጊዜ አይደለም፤ ቀድሞም እየሳቡ ነበር። አናፌዝ ማለት ጎታቾቹ የሚነሡበት ሳይሆን ማሰሪያው የሚበጠስበት ሰዓት ነው።

እዚህ ድረስ ያለው ታሪክ ከእኛ ሕዋስ ጋር ብዙ ይመሳሰላል። የአንገቱ ጉዳይ ግን የእርሾው ብቻ ነው፤ እስካሁን የቆጠርኩልሽ ሁሉ በትክክል ቢሠራም እንዝርቱ እናትየው ውስጥ ብቻ ቢዘረጋ፣ ሁለቱም ስብስብ እናትየው ጋ ይቀርና እምቡጧ ባዶ ትቀራለች። ስለዚህ ሁለት ደረጃ ያለው ጉተታ አለ። በመጀመሪያ ካር9 የሚባል ፕሮቲን ከዋልታው የወጣውን ክር ጫፍ ከአንድ ተጓዥ ሞተር ጋር ያገናኘዋል፤ ሞተሩ ወደ እምቡጧ በሚወስዱት የአክቲን ክሮች ላይ እየሄደ ኒውክለሱን አንገቱ አፍ ላይ ያደርሰዋል፣ እንዝርቱንም ያቀናዋል። ከዚያ ዳይኒን የሚባለው ሌላ ሞተር ከእምቡጧ ግድግዳ ላይ ሆኖ ክሩን ይስበውና ዋልታው በአንገቱ ያልፋል። እንዝርቱ በዚያው ሰዓት ይረዝማል፤ ከሁለት ማይክሮሜትር ተነሥቶ ስምንትና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ሕዋሱ ራሱ ቁመቱ አምስት ማይክሮሜትር ያህል መሆኑን አስቢ። ሁለቱን አካል ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሞላል ማለት ነው። ያየሽው ላስቲክ ይህ ነው። ወደ እምቡጧ የሚሄደው ዋልታ፣ ልብ በይ፣ አብዛኛውን ጊዜ አሮጌው ነው፤ አዲሱ እናትየው ጋ ይቀራል። አይፒኤል1 በተበላሸባቸው ሕዋሶች ሁለቱም መንትዮች ተያይዘው ወደ እምቡጧ የሚያዘነብሉት ለዚህ ነው፤ ከአሮጌው ዋልታ የሚፈታቸው ስለሌለ አብረውት ይሄዳሉ።

«ቢሳሳትስ?» ላልሽው ሁለተኛ ኬላ አለ። ሕዋሱ ከማይቶሲስ እንዲወጣ የሚፈቅደው ማብሪያ የተለጠፈው ዋልታው ላይ ነው። ማብሪያውን የሚያግዘው ፕሮቲን የሚገኘው እምቡጧ ውስጥ፣ የሚያግደው ደግሞ በብዛት እናትየው ውስጥ ነው። ዋልታው አንገቱን ካላለፈ ከአጋዡ ጋር አይገናኝም፤ እስኪያልፍ ድረስ ሕዋሱ አይቆረጥም። ዳይኒን የሌላቸው ሕዋሶች ላይ በግልጽ ይታያል፦ እናትየው ውስጥ ሁለት ኒውክለስ፣ እምቡጧ ባዶ፣ ግን ሕዋሱ ቆሞ ይጠብቃል፤ ብዙዎቹ ትንሽ ቆይተው አንዱን ዋልታ አሳልፈው በሰላም ይጨርሳሉ። በዚያው ሕዋስ ላይ በብ2 የሚባለው የኬላው ጂን ከጠፋ ግን አይጠብቁም፤ ባዶ እምቡጥ ይቆርጣሉ። በደህና ጊዜ አንድ ክሮሞሶም የሚጠፋው በ100,000 መከፈል ውስጥ በግምት አንዴ ነው፤ እርማቱና ኬላዎቹ ተደምረው ይህን ያህል ይጠነቀቃሉ።

የመጨረሻው የሚላቀቀው ክሮሞሶም 12 ነው። በላዩ ላይ የራይቦዞም ጂኖች ከ100 በላይ ጊዜ ተደጋግመው ስለተጻፉ ይጠላለፋል፤ እሱን አጥብቦ የሚስበው ኮንደንሲን የሚባል ሌላ ቀለበት ነው። ከዚያ አንገቱ ላይ ከአክቲንና ከማዮሲን የተሠራ ሌላ ቀለበት ይጨበጣል፣ የካይቲን ግድግዳ ይሠራል፣ ልጅቷ ከራሷ በኩል ኢንዛይም ረጭታ ግድግዳውን ትበላውና ትለያለች። እናትየው ላይ ጠባሳ ይቀራል። ካይቲንን በሚያበራ ቀለም ብትቀቢያት ጠባሳዎቹን ቆጥረሽ ስንት ልጅ እንደወለደች ማወቅ ትችያለሽ፤ አብዛኞቹ ከ20 እስከ 30 ያህል ወልደው ያቆማሉ።

«እርሾ» ስል የዳቦ እርሾን ብቻ ማለቴ እንደሆነ ይያዝልኝ። ፖምቤ የሚባለው ሌላው የቤተ ሙከራ እርሾ እንደ ዘንግ ነው፤ እምቡጥ የለውም፣ መሃሉ ላይ ይቆረጣል፣ ክሮሞሶሞቹ ሦስት ብቻ ናቸው። እሱም ኒውክለሱን አያፈርስም፤ የሚቆረጥበትን ቦታ ግን የሚነግረው የኒውክለሱ መቀመጫ ነው። ከዳቦ እርሾ ተቃራኒ ነው ማለት ነው። ሊላንድ ሃርትዌል በዳቦ እርሾ፣ ፖል ነርስ በፖምቤ የሕዋስን ዑደት የሚመሩ ጂኖችን አግኝተው በ2001 ከቲም ሀንት ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። ሃርትዌል የተጠቀመው በ23 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጤነኛ ሆነው በ36 ዲግሪ የሚቆሙ ሚውታንቶችን ነው። ስለነሱ የማስታውሰው አንድ የራሴ ጥፋት አለ፦ ተማሪ ሳለሁ ብልቃጡን ሙቅ ማሽን ውስጥ ረስቼ አደርኩ። ጠዋት ሳየው ሕዋሶቹ በሙሉ ትልቅ እምቡጥ ይዘው፣ በአንድ ኒውክለስ፣ እዚያው አንገት አፍ ላይ ቆመው ነበር። ከሁሉም ደረጃ የተነሡ ሕዋሶች አንድ ቦታ ላይ ተሰልፈው ማየት ከየትኛውም ንግግር በላይ አስተማረኝ። ሙከራው ግን ተበላሸ።

ለሚቀጥለው የላብራቶሪ ቀን የምመክርሽ፦ አንድ ሕዋስ አትፈልጊ፣ 200 ሕዋስ ቁጠሪ። የብርሃኑን ምስል ከተራው ምስል ጋር ደርቢና ሕዋሶቹን እምቡጥ የሌላቸው፣ ትንሽ እምቡጥ ያላቸው፣ ትልቅ እምቡጥና አንድ ኒውክለስ ያላቸው፣ ኒውክለሱ አንገት ላይ የተያዘባቸው፣ በሁለቱም በኩል ኒውክለስ ያላቸው ብለሽ ለይ። ጥሩ ምግብ ባለበት አንድ ዑደት 90 ደቂቃ ያህል ስለሚፈጅ፣ በእያንዳንዱ ክፍል ያገኘሽው ቁጥር ሕዋሱ እዚያ ደረጃ ላይ ምን ያህል ደቂቃ እንደሚቆይ በግምት ይነግርሻል። አንገት ላይ የተያዙት ጥቂት ይሆናሉ። መምህራችሁ ከፈቀዱ ደግሞ ሌላ ብልቃጥ ላይ ማይክሮቱቡልን የሚያፈርሰውን ኖኮዳዞል ጨምሩና ከሁለት ሰዓት በኋላ ቁጠሩ፤ አራተኛውና አምስተኛው ክፍል ባዶ እየሆኑ ሦስተኛው ሲሞላ ታያላችሁ። የቆመው የመጀመሪያው ኬላ ላይ ነው። ውጤቱን ስታገኙ እዚሁ ጻፊልኝ፤ ቁጥሩን አብረን እናየዋለን።